ወረቀቱ የዋጠው መሬት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መካነ ሰላም ገበያ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ለመሆኑ ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ቢሮ ውስጥ ምን ነበር የምትሠራው?» ይለኛል። «ወረቀቱ ልኩን እንዲይዝ አደርግ ነበር» ስለው አንዱ ቀልድ ይመስለዋል፣ ሌላው የደበቅኩት መስሎት ያኮርፈኛል። መምህር ቢሆን ተማሪዎቹ፣ ግንበኛ ቢሆን ግድግዳው ይመሰክርለታል። የእኔ ሥራ በደንብ ሲሠራ አይታይም። ሲበላሽም አይታይም። እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝም የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ሥራ የጀመርኩት ከላላ የሚባል ወረዳ ነው፣ በጽሕፈት መኪና። ያኔ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ወይ በእግሩ ወይ በበቅሎ ነበር፤ እኔም የቅጥር ደብዳቤዬን በፌስታል ጠቅልዬ በተዋስኳት በቅሎ ደረስኩ። ስለ ደመወዙ ብዙ ባላወራ ይሻላል፤ ኖርንበት፣ በቃ። የጽሕፈት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ይመር ይባሉ ነበር። የኩታበር ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ሲስቁም ሲቆጡም ፊታቸው የማይለወጥ።

ጋሽ ይመር አንድ የማይተዉት ልማድ ነበራቸው። አንድ ጽሑፍ በብዛት ሊባዛ ሲል የመጀመሪያዋን ወረቀት ያወጡና፣ ትክክል መሆኑ ቀድሞ ከታወቀ ሌላ ወረቀት ጋር ደርበው፣ ሁለቱን በመዳፋቸው መስኮቱ መስታወት ላይ ይለጥፏቸዋል። ብርሃኑ በሁለቱም ያልፋል። መስመር በመስመር ላይ ካረፈ «ቀጥል» ይላሉ። ትንሽ እንኳ ከሸሸ ቀደው ይጥሉታል። አንድ ጊዜ አለቃችን ለእንግዳ የሚሰጥ ጽሑፍ አስቸኩለው በሩ ላይ ቆመው ሲጮኹ፣ ጋሽ ይመር ከመስኮቱ ዘወር ሳይሉ «ጌታዬ፣ ፀሐይዋን እየጠበቅኩ ነው» አሏቸው። ሰማዩ ደመና ነበር። አለቃችንም ምን ያድርጉ፣ አብረው ቆመው ጠበቁ።

በኤ ፎር ወረቀት መጀመሪያ ያስደመሙኝም እሳቸው ናቸው። ሥራ በሌለበት አንድ ቀን ወረቀቱን አነሱና ከቁመቱ እኩሌታ ላይ አጠፉት። «እየው፣ ልጁ አባቱን መሰለ» አሉኝ። ደግመው አጠፉት፤ የልጅ ልጁም ያንኑ መልክ ይዞ ወጣ። ያን ወረቀት እጃችሁ እስኪያቅተው ብታጥፉት ያነሰ እንጂ የተለወጠ አታገኙትም። ከዚያ ደግሞ አንድ የውጭ እንግዳ ትቶት የሄደ የአሜሪካ ወረቀት ከመሳቢያቸው አወጡ። ከእኛው ወረቀት በወርዱ የገብስ ፍሬ ያህል ይሰፋል፣ በቁመቱ የአውራ ጣት ወርድ ያህል ያጥራል። አጠፉት፤ ልጁ አባቱን አልመሰለም።

«ሁለቱም ነጭ ናቸው። ለየብቻ ስታያቸው አትለያቸውም። ተጠንቀቅ» አሉኝ።

ምኑን እንደምጠነቀቅ ያኔ አልገባኝም። ግን ቤቴ ሄጄም ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ ሳጥፍ ሰነበትኩ።

ወደ መካነ ሰላም የተዛወርኩት ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ የገበሬ ማሳ እየተለካ የይዞታ ካርታ የሚታተምበት እንደ ነበር መናገር ይበቃል። ኮምፒዩተር መጀመሪያ ሲከፈት የሚገጥመውን ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ የት አገር ነው ያለሁት ይለዋል። የአገሮች ዝርዝር ይዘረጋል፤ አሜሪካ ቀድማ ተመርጣ ትጠብቃለች። ኢትዮጵያን ለማግኘት ዝርዝሩን ወደ ላይ እየገፉ መፈለግ ነው። ሰውየው ደግሞ ሁልጊዜ ቸኩሏል፤ ከታች «ቀጥል» የሚል ቁልፍ ያያል፣ ይጫነዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ የእኛ ኮምፒዩተሮች ገላቸው መካነ ሰላም፣ ልባቸው አሜሪካ ሆኖ ኖሩ። ማንም አልዋሸም፤ ማንም ግን አልመረጠም። ሰው ሳይመርጥ ሲያልፍ ማሽኑ በራሱ የሚይዘውን ምርጫ ቢሮ ውስጥ ዲፎልት እንለው ነበር።

ይህ ዲፎልት ከሚወስናቸው ነገሮች አንዱ ወረቀት ነው። ሰነድ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ወረቀቱን አያይም፤ የሚያየው አገሩን ነው። አገሩ አሜሪካ ከተባለ ገጹን በአሜሪካ ወረቀት ልክ ያዘጋጃል። ፕሪንተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ግን የእኛው ኤ ፎር ነው። አዲሱ የካርታ ፕሮግራም በገባ ሰሞን ፕሪንተራችን ቀይ መብራት እያብለጨለጨ «የተባለውን ወረቀት አምጡ» ይል ነበር። እኛም ቁልፉን ተጭነን እናልፈዋለን። በኋላ አንድ አለቃ መብራቱ ሰለቻቸውና ባለሙያ አስጠሩ። ባለሙያውም ገጹ ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ ፕሪንተሩ ራሱ አሳንሶ እንዲያገጥመው አድርጎት ሄደ። መብራቱ ጠፋ፣ ሁላችንም ተመስገን አልን። እዚያ ክፍል ውስጥ እውነት ይናገር የነበረው ያ ቀይ መብራት ብቻ መሆኑን ያወቅነው ውሎ አድሮ ነው።

አንድ ጠዋት እትዬ ዘሀራ የሚባሉ ሴት ከገጠር መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ረጅም፣ በዚያ ዕድሜ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ናቸው። ሰላምታው እንዳለቀ ሁለት የይዞታ ካርታ፣ አሮጌውንና አዲሱን፣ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ።

«ወረቀታችሁ መሬቴን ዋጠው» አሉኝ።

«መሬት እንዴት ይዋጣል፣ እትዬ?»

«እሱን እንድትነግረኝ አይደል የመጣሁት።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። በእሳቸውና ደምሌ በሚባል ጎረቤታቸው ማሳ መካከል የቆመውን የወሰን ድንጋይ የክረምት ጎርፍ ገፍቶ ወሰደው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ካርታ አለ አይደል፣ በካርታው ይተከል» አሉ። በእትዬ ዘሀራ ማሳ ወዲያኛው ጫፍ ማንም የማያነቃንቀው ትልቅ ቋጥኝ አለ። በሁለቱም እጅ ያለው አዲሱ ካርታ የሁለቱንም ማሳ ያሳያል፤ እሱ ላይ ከቋጥኙ እስከ ወሰኑ ያለውን በማስመሪያ ለኩ፣ ያንኑ በሁለት ሺህ አባዝተው መሬቱ ላይ በሜትር ለኩ፣ ድንጋዩን ተከሉ። የተከሉበት ቦታ ከድሮው ሦስት ሜትር ገደማ ወደ እትዬ ዘሀራ ገባ። በዚያች ሦስት ሜትር ላይ ደግሞ ባላቸው የተከሏቸው ባሕር ዛፎች በረድፍ ቆመዋል። ሴት ልጃቸው ሐዋ ትዳሯ ፈርሶ ልጆቿን ይዛ ተመልሳለች፤ ቤቷ የሚሠራው በእነዚያ ዛፎች ነበር። አሁን ዛፎቹ የደምሌ ሆነዋል፤ ዘር ሳይገባ ሊቆርጣቸው ነው።

«ደምሌ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወላሂ። ባሌ የሞተ ጊዜ መቃብሩን የቆፈረው እሱ ነው» አሉ። «አሁን ግን ወረቀት አለኝ ይላል። እኔን ደግሞ ሰው ፊት ውሸታም አለኝ።»

ሁለቱን ካርታ አነሳሁና እንደ ጋሽ ይመር መስኮቱ ላይ ለጠፍኩ። ቋጥኙን በቋጥኙ ላይ አገጣጠምኩ። ከዚያ ዐይኔ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሲሄድ መስመሮቹ ቀስ በቀስ ይለያያሉ፤ ወሰኑ ላይ ስደርስ በመካከላቸው ብርሃን ይታያል። አዲሱ ካርታ በሙሉ አንሷል። ፊደሉም፣ መንገዱም፣ ማሳውም እኩል አንሰዋል፤ ስለዚህ ለብቻው የሚያየው ሰው ምንም አይጠረጥርም። ከግርጌው፣ ካርታው ላይ አንድ የሆነው መሬት ላይ ሁለት ሺህ ነው ለማለት «1 ለ 2000» የሚለው መስፈርት ግን እንደ ነበረ አለ። ቁጥር ቢያንስም ያው ቁጥር ነው። ሥዕል ሲያንስ ግን መሬት ያንሳል። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይባላል፤ ያን ሁሉ ካርታ በእጄ ሳሳልፍ ከርሜ ያየሁት ያን ቀን ነው። የገብስ ፍሬ የምታህል ልዩነት ከአንድ የማናውቀው ፋብሪካ ተነስታ፣ ባሕር አቋርጣ፣ እዚህ ወሎ ቦረና ደጋ ላይ የአንዲት ሴት ወሰን ገፍታለች።

«አብሽሩ፣ አይዞዎት እትዬ» አልኳቸው። «ችግሩን አግኝቼዋለሁ።»

አሮጌውን ካርታ ይዘን ብንሄድ አይረዳም፤ አዲሱ ሲሰጥ አሮጌው ተሰርዟል፣ ሽማግሌዎቹም በተሰረዘ አንዳኝም ብለዋል። ስለዚህ ማሽኑን ማረም ነበረብኝ። የአገሮቹን ዝርዝር ከፍቼ ወደ ላይ ገፋሁት። ኢትዮጵያን ስመርጥ፣ ስለ ወረቀት አንድም ነገር ሳልነካ፣ ገጹ በራሱ ኤ ፎር ሆነ። ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። አንድ የማላውቀው ሰው፣ መካነ ሰላምን በሕልሙም ያላያት፣ የዓለምን አገሮች አንድ በአንድ እየጠራ የየትኛው አገር ወረቀት የትኛው እንደሆነ ሲጽፍ እኛንም ሳይዘል ጽፎናል። ትክክል አድርጎ ጽፎናል። ያ ቃል ማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ አንድ ሰው እስኪጠይቀው ይጠብቅ ነበር። ይህን ለማን ልንገረው ብዬ ዞር ስል ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም።

ደስታዬ ግን ዐይኔን ጋረደው። ካርታውን ላትመው ስል የፕሪንተሩ ቀለም አለቀ፤ ጎኑ ያለው ሁለተኛው ፕሪንተር ላይ አተምኩትና ይዤው ሄድኩ። መስኮቱን አላስታወስኩትም።

ሜዳው ላይ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢያቸው ሼህ እንድሪስ የአካባቢው አበጋር ናቸው፤ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የማይታለፍ ሽማግሌ። «ወረቀቱን ያመጣህ አንተ ነህና አንተው ለካ» አሉኝ። እትዬ ዘሀራ ቋጥኙ ጎን ቆመው ያዩኛል። ማስመሪያውን አሳረፍኩ። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ደግሜ አሳረፍኩ። ልኩ ከበፊቱም ያንሳል። በዚያ ካርታ ቢተከል ወሰኑ ከባሕር ዛፎቹ አልፎ ጭራሽ የእህል ማሳቸው ውስጥ ሊገባ ነው።

እትዬ ዘሀራ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው ፊታቸውን ወደ ዛፎቹ አዞሩ። አብሽሩ ብያቸው ነበር። በሥራ ዘመኔ ብዙ አለቃ ጮሆብኛል፤ የዚያን ፊት ማዞር ያህል ያመመኝ የለም።

ሼህ እንድሪስ ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝ። «ሂድና መጀመሪያ ወረቀቶችህን አስታርቀህ ና። ደምሌ፣ እሱ እስኪመለስ ምሳርህን አታንሳ» አሉ።

በሚኒባስ ደሴ፣ ከደሴ ኩታበር ሄድኩ። ጋሽ ይመር ጡረታ ወጥተው እዚያ ይኖራሉ። ዐይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«በመስኮት አየኸው?»

«አላየሁትም፣ ጋሼ።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ማንን ነው የጠየቅኸው?»

«ኮምፒዩተሩን።»

«ገጹን የሠራው ፕሮግራም አለ፤ አገሩን የሚናገረው ኮምፒዩተር አለ፤ ወረቀቱን የያዘው ፕሪንተር አለ። ሦስቱም ምስክሮች ናቸው። አንድ ምስክር ጠይቀህ ነው ፍርድ የሰጠኸው?»

በማግስቱ ተመልሼ ሁለተኛውን ፕሪንተር ጠየቅኩት። እሱም ከፋብሪካው ወጥቶ እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠየቀው ነበር፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ወረቀት የአሜሪካ መሆኑን አምኖ ተቀምጧል። ትክክለኛው ገጽ ሲሰጠው ረዘመበት፤ ስለረዘመበት አሳነሰው። አረምኩት። ማሳነሱንም ከሁለቱም ፕሪንተር ላይ አጠፋሁ፤ መብራት ቢያብለጨልጭ ያብለጭልጭ ብዬ። ከካርታው ግርጌ ደግሞ ከቁጥሩ ጎን ሃምሳ ሜትርን የሚያሳይ መስመር አሰመርኩ፤ ካርታው ቢያንስ መስመሩም አብሮ ያንሳል፣ አይዋሽም። ከዚያ አተምኩና፣ ከአሮጌው ካርታ ጋር ደርቤ፣ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩ። ቋጥኙ በቋጥኙ፣ ወሰኑ በወሰኑ ላይ አረፈ። በሁለት ወረቀት መካከል አንድ መስመር ብቻ። መዳፌን ከመስታወቱ ማንሳት አቃተኝ።

በዚያ ፕሮግራም የታተመውን ካርታ ሁሉ ውሎ አድሮ ሰብስበን እንደ አዲስ አተምን፤ አለቃዬ ስለ ቀለሙ ያጉረመረሙትን እተወዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ይኸው ሆነ፤ አዲስ ማሽን በገባ ቁጥር ሦስቱን ምስክሮች መጠየቅ። ለገበያው ሰው ማስረዳት የሚያቅተኝም ይህን ነው።

ሽማግሌዎቹ ፊት ተመልሼ ስቀርብ ግን የታረመውን ካርታ ወዲያው አላወጣሁም። የሁለት ጊዜ ወረቀት አምጪን ሦስተኛ ማን ያምነዋል? ደምሌን ጠራሁት።

«አቶ ደምሌ፣ መጀመሪያ ወሰኑ የተተከለበት ያ ካርታ እጅዎ ላይ አለ?»

«አለ።»

«እስኪ በእሱው የራስዎን ማሳ ይለኩ። ከእርስዎ ጫፍ፣ ከመንገዱ ይጀምሩ።»

«የእኔ ምን ክርክር አለበት?»

«ይለኩ ብቻ።»

ማስመሪያውን አሳረፈ፤ ሜትሩን ይዞ ከመንገዱ ተነሳ። ሁላችንም ተከተልነው። ልኩ ያለቀው አዲሱ የወሰን ድንጋይ ጋ ሳይደርስ ነው። ደምሌ ቆመ፤ ወደ ድንጋዩ አየ፣ ወደ እግሩ አየ። ተመልሶ ደግሞ ለካ። እዚያው ላይ አለቀ። የእትዬ ዘሀራ ማሳ በካርታው ልክ ድንጋዩ ጋ ያበቃል፤ የደምሌ ማሳ በዚያው ካርታ ልክ እዚህ ያበቃል። በመካከላቸው ባሕር ዛፎቹን ይዞ ሣር የበቀለበት ረጅም ቁራጭ መሬት ባለቤት አጥቶ ተጋድሟል።

ሼህ እንድሪስ በምርኩዛቸው አመለከቱት። «ይህ የማን ነው?»

አባቶቻቸው ያረሱት መሬት ነው፤ ትናንት እንኳ የደምሌ በሬዎች ግጠውበታል። ወረቀቱ ግን የሁለቱንም ማሳ አሳንሶ መሀሉን ለማንም ትቶታል።

«ሱብሃነላህ» አሉ ሼሁ ቀስ ብለው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቆባቸውን አወለቁ። እኔም ምክንያቱን እያወቅኩ ጎንበስ ብዬ ሣሩን ነካሁት። ነገር በቁጥር ማወቅና ሣር ላይ ተኝቶ ማየት ለየቅል ነው።

አሁን የታረመውን ካርታ አወጣሁ። ከቋጥኙ ተለካ፣ ከመንገዱ ተለካ፤ ሁለቱ ልክ አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ። ባሕር ዛፎቹ በእትዬ ዘሀራ በኩል ቀሩ። ደምሌ ሽማግሌ እስኪጠይቀው አልጠበቀም፤ «የእሷ ነው» አለ።

እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ወረቀቴን ማጠፍ ጀመርኩ። ሼህ እንድሪስ አስቆሙኝ።

«መሬቱ ታረቀ። ሰዎቹ አልታረቁም። ያጠፋ ሳይታወቅ ዕርቅ የለም። ማን ነው ያጠፋው?»

«እኔ ወረቀቱን አመንኩ» አለ ደምሌ አንገቱን ደፍቶ።

«ወረቀቱን እንዲያንስ ማን አዘዘው?» ሼሁ ወደ እኔ ዞሩ።

«ማንም አላዘዘውም። ማሽኑ ሲጠይቅ የመለሰለት ሰው ስለሌለ በራሱ ያዘው።»

«ሲጠይቅ እነማን ነበሩ?»

«የገጠመው ሰው ነበር። ያተምነው ነበርን። መብራቱን ያስጠፋነው ነበርን።»

«እዚህ ማን አለ ከእነሱ?»

«እኔ አለሁ።»

«እንግዲያ ድንጋዩን አንተ ታነሳለህ።»

በእኛ አገር በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ተበዳዩ ፊት ይቀርባል፤ ተበዳዩ አውርድ ሳይለው አያወርድም። ለእኔ የተሰጠኝ ያለ ቦታው የተተከለው የወሰን ድንጋይ ነበር። አነቃነቅኩት፤ ሰዎች አግዘውኝ ማጅራቴ ላይ አረፈ። እትዬ ዘሀራ ከፊት ከፊቴ ይሄዳሉ፤ ከእግራቸው በቀር አይታየኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀት ብቻ የተሸከመ ጀርባ ነው፤ ጥቂት እንደ ሄድኩ ድንጋዩ አጋደለብኝ። የደረስኩ መስሎኝ ቆምኩ።

«ገና ነው፣ ልጄ» አሉ እትዬ ዘሀራ።

ያን ጊዜ ድንጋዩ ቀለል አለኝ። ደምሌ አጠገቤ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ከሥሩ አስገብቷል። «ብቻዎን አይደሉም፣ አቶ አራጋው» አለኝ። «ውሸታም ያልኳት እኔ ነኝ።»

እንደዚያው ጎን ለጎን ተጎንብሰን፣ ሁለቱ ልክ የተገናኙበት ቦታ ላይ ደረስን። እትዬ ዘሀራ ዞረው ቆሙ።

«አውርዱት» አሉን። አወረድነው። «አፉ ብያለሁ። ደምሌ፣ ለአንተም። ልጄ፣ ለአንተም።»

ሼህ እንድሪስ ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን ከዘረጉ በኋላ ፈገግ አሉ። «ለማሽኑስ፣ ዘሀራ?»

እትዬ ዘሀራ ድንጋዩን አዩት፣ እኛን አዩን።

«ማሽኑ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ ያን ጊዜ እነግረዋለሁ» አሉና ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን አፈር በእጃቸው ድንጋዩ ሥር ጠቀጠቁ።